ሐውልቱን አንሳ፣ ጀርባውን ግን አታንሳ

ግልጽ ደብዳቤ

ለሚመለከተው አካል
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በአራዳ አደባባዮች ፎቶ ማንሳትን ይመለከታል

ክቡር የሚመለከተው አካል፣

ስምዎን ሳልጠራ መጻፌን በድፍረት አይዩብኝ። ማን እንደሆኑ አላውቅም። ላለፉት ስድስት ሰባት ዓመታት ካሜራ ይዤ በቆምኩበት ሁሉ «የሚመለከተውን አካል ጠይቅ» ስባል ኖሬአለሁ። ጠየቅኩ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከኝ። ሌላው ደግሞ ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። በመጨረሻ አንዲት ጸሐፊ አዘነችልኝና «የሚመለከተው አካል ስብሰባ ላይ ነው» አለችኝ። እንግዲህ መኖርዎን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ያነቡታል ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ፎቶ እንጀራዬ አይደለም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከደረሰኝ ጋር ስታገል ሰንብቼ ቅዳሜ ጠዋት ካሜራዬን አንግቼ ፒያሳ እወጣለሁ። የማነሳው የታወቀ ነው። የምኒልክን ሐውልት፣ የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት፣ ማዘጋጃ ቤቱን፣ ጊዮርጊስን፣ በመካከላቸው የተረፉትን አሮጌ ቤቶች። ሰርግ አላነሳም። የሰው ፊት ሳላስፈቅድ አላነሳም። ሚስቴ «አንድ ፈረስ ስንት ጊዜ ይነሳል?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ግን ፈረሱ ያው ቢሆንም ዙሪያው በየዓመቱ ሌላ ነው።

ጉዳዬን በአንድ ቅዳሜ ላስረዳ። ጥቅምት ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ምኒልክ አደባባይ ደረስኩ። ካሜራዬን አውጥቼ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ እንዳደረግኩ አንድ ጥበቃ መጡ። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ካፖርታቸው የሰፋቸው ሰው ናቸው።

«ወንድም፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ሐውልቱን እያነሳሁ ነው ጋሼ።»

«ፈቃድ አለህ?»

«ለሐውልትም ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ?»

ትንሽ አሰቡ። ሐውልቱን አዩት። እኔን አዩኝ። ካሜራውን ደግሞ ከሁለታችንም አስበልጠው አዩት።

«እሺ፣ ሐውልቱን አንሳ። ጀርባውን ግን አታንሳ።»

«እንዴት አድርጌ ጋሼ?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ባለሙያው አንተ ነህ።»

ታዘዝኩ። መሬት ላይ ተንበርክኬ ሌንሱን ወደ ላይ አቀናሁ። ከምኒልክና ከአባ ዳኘው በቀር ምንም እንዳይገባ አድርጌ አነሳሁ። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው የሚታየው ሰማይ ላይ የቆመ ፈረስ ነው። የየትኛው አገር ሰማይ እንደሆነ አይታወቅም። ፒያሳ የለችበትም።

ክቡር ሆይ፣ ከሐውልቱ ጀርባ ያለው ከተማ ነው። ሐውልቱም እዚያ የቆመው ዙሪያው ስለጠራው ነው። የጊዮርጊስ ታቦት ዓድዋ ዘምቷል። ባለ ስምንት ማዕዘኑ ቤተ ክርስቲያን ለድሉ መታሰቢያ ተሠራ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። የምኒልክ ሐውልት የተመረቀውም በዚያ በዓል ዋዜማ ነው። ወረድ ሲሉ ማዘጋጃ ቤቱ አለ። በ1950ዎቹ የተሠራ ነው። የነደፈው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ አፍሪካ አዳራሽንም የነደፈው እሱ ነው። ጣሊያንን ዓድዋ ላይ ድል ያደረጉት ንጉሥ ዛሬ ጣሊያናዊ ከነደፈው ማዘጋጃ ቤት ጋር ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። ይህን የሚያህል ጨዋታ የትኛው መጽሐፍ ላይ ይገኛል? በየካቲት 2016 ዓ.ም ደግሞ የዓድዋ ድል መታሰቢያው እዚያው ሰፈር ተከፈተ። የቱን ቆርጬ ልጣል?

አማርኛችን ደግሞ የራሱ ተንኮል አለው። ፎቶም «ይነሳል»፤ ሐውልትም «ይነሳል»። የምኒልክ ሐውልት ተነስቶ ያውቃል። ፋሽስት ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ ዓድዋን የሚያስታውስ ነገር ዓይኑ ሥር እንዲቆም አልፈለገም። ሐውልቱን አንስቶ ቀበረው። ከነፃነት በኋላ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ለገሀር ያለው የይሁዳ አንበሳም ተነስቶ ሮም ድረስ ተወስዷል። ያ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት ግን ያነሳነው እኛው ነን። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም ፋሽስቶች በጥይት የገደሏቸው ጳጳስ፣ በ2005 ዓ.ም ለባቡር መንገድ ሲባል ከቆሙበት ተነሱ። በ2008 ዓ.ም ተመለሱ። ሐውልት ሲነሳ የቻለ አደባባይ ፎቶ ሲነሳ የሚደነግጠው ለምንድን ነው?

የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በተነሳ ሰሞን እናቴ ከሣጥኗ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጣች። እሷና አባቴ ከሐውልቱ ሥር ቆመዋል። አባቴ ሱሪው ሰፊ ነው፣ እናቴ አፍሮዋ ሰፊ ነው። ያነሳቸው መንገድ ላይ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ነው። ስሙን አታስታውስም፤ የከፈለችውን ግን ታስታውሳለች፤ ተወዶባታል። ፎቶውን እያየች «ይመልሱት ይሆን?» አለች። ሐውልቱ ተመልሷል። ከወላጆቼ ጀርባ የሚታየው ሱቅ ግን አልተመለሰም። ያ ፎቶ አንሺ «ጀርባውን አታንሳ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ሱቁ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

ወደ ስድስት ኪሎም ልውሰድዎት። ከፒያሳ ሩቅ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን በከተማዋ የሆነውን ያውቁታል። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ያደርሰዋል። አደባባዩ ላይ የቆመው 28 ሜትር ሐውልት የእነሱ መታሰቢያ ነው። ዙሪያውን የነሐስ ቅርጾች አሉት፤ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች፣ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች፣ የሠሯቸው ናቸው። እነዚያን ቅርጾች በቀትር ብርሃን ካነሷቸው ምንም አይታይም። ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ስትመጣ ግን የእያንዳንዱ ሰው ጉልበትና ክርን ጥላ ያወጣል። የወደቀው ከቆመው ይለያል። እኔ የነሐሱን ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየኋቸው በዓይኔ ሳይሆን በሌንስ ነው።

ስለዚያ ጭፍጨፋ ዛሬ ከምናያቸው ፎቶዎች ብዙዎቹን ያነሷቸው ጣሊያኖቹ ራሳቸው መሆናቸውን ያውቃሉ? እንደ ጀብድ ቆጥረው አነሱ፤ ማስረጃ ሆነባቸው። ገዳዩ ካሜራ ነበረው። ሟቹ አልነበረውም። ዛሬ ካሜራው በእጃችን ነው። የቀረው አንድ ጥያቄ «ፈቃድ አለህ?» የሚለው ነው።

አሁን ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝን ነገር ልንገርዎት። ጉዳዩ አሮጌ ነው፤ ቁጭቱ ግን አዲስ ነው።

በ2012 ዓ.ም፣ ኮቪድ ከመግባቱ በፊት፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ አንድ ቤት ወድጄ ነበር። ባለ አንድ ፎቅ ነው። ከላይ የእንጨት በረንዳ ዙሪያውን ይዞታል። መስኮቶቹ ቀጭንና ረጃጅም ናቸው። ቆርቆሮው ዝጎ የበርበሬ መልክ ይዟል። በድሮው ፒያሳ እንዲህ ዓይነት ቤት ብዙ ነበር። አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ሕንዶችና የእኛው አናጺዎች አንድ ላይ ያበጁት መልክ ነው፤ ሌላ ከተማ ሄደው ቢፈልጉ እንዲህ ተቀላቅሎ አያገኙትም። ለዚያ ቤት ስል ሁለት ቅዳሜ ተመላለስኩ። አንዴ ጭጋግ ሆነ፣ አንዴ መኪና ቆሞበት ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ብርሃኑ መጣ። በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቷል። አንዲት ድመት ጣውላው ላይ ተጋድማለች። አሥራ ሁለት ፎቶ አነሳሁ።

አንድ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት መጣ። ፊት ለፊት መሥሪያ ቤት አለ አለኝ። መሥሪያ ቤቱን እንዳላነሳሁ አሳየሁት። አየ፤ አልገባበትም። ቢሆንም «ደምስስ» አለ። ለመከራከር ሞከርኩ። ድምፁ ከፍ አለ፣ ሰው መሰብሰብ ጀመረ። እኔ ሰው ሲሰበሰብ የምደነግጥ ሰው ነኝ። ደመሰስኩ። «ሰኞ የሚመለከተውን አካል አስፈቅደህ ተመለስ» አለኝ፤ ልጁ በራሱ ቤት ቅን መሆኑ ነው። ሰኞ ሥራ ነበረኝ። ከዚያ ኮቪድ ገባ። ከዚያ ኑሮ ገባ። በ2016 ዓ.ም ሰፈሩ ፈረሰ።

ዓምና አንድ ማታ ከዋሽንግተን ስልክ ተደወለ። የልጅነት ጓደኛዬ ታላቅ እህት ናት። ከሄደች ሃያ ዓመት አልፏታል።

«አንተ ልጅ፣ ካሜራ ይዘህ ፒያሳን ስትዞር ነበር አሉ። የእኛን ቤት አላነሳህም?»

ቦታውን ስትነግረኝ እጄ ቀዘቀዘ። ያ ቤት ነው። ሌሊቱን ሀርድ ዲስኬን ስበረብር አደርኩ። ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ተርፋለች። ስትነሳ እጄ ተንቀሳቅሶ የተንጋደደች ናት፤ ለዚያ ይሆናል ያላየኋት። የምታሳየው የታችኛውን በር ግማሽ፣ አንድ የመብራት ምሰሶና ወደ ላይ የሚወጣውን የእንጨት ደረጃ ነው። ላክሁላት። ቶሎ መልስ አልሰጠችም። ቆይታ ደወለች።

«ደረጃው ይታያል» አለች። «ሦስተኛው ሲረገጥ ይጮህ ነበር። አምሽቼ ስገባ እሱን እዘለው ነበር።» ሳቀች። ከዚያ «ላይኛውስ? በረንዳው የለህም?» አለችኝ።

የለኝም አልኳት። ነበረኝ፣ ደመሰስኩት ማለት አፌ እምቢ አለ።

መፍረሱን አልከራከርም። እሱ የሌላ ደብዳቤ ጉዳይ ነው፤ ብዙ ሰው ጽፎበታል። መንገዱ ሰፍቷል፣ ማታ ማታ ብርሃን ነው፣ ልጆቼ ብስክሌት የሚነዱበት ቦታ አግኝተዋል። እኔ የምለው፣ የሚፈርስ ይፍረስ ከተባለ እንኳ መልኩ ለምን ይፈርሳል? ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም ሲቃጠል አየነው። የአገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል ነው። እሳት ፈቃድ አይጠይቅም።

ጥንቃቄው ከየት እንደመጣ አይገባኝም አይደለም። ካምፕ አለ፣ ቤተ መንግሥት አለ። አራት ኪሎ የሚያዝያ 27 ሐውልት ጋ ስቆም ሌንሴን ወዴት እንደማዞር ራሴ እጠነቀቃለሁ፤ ቤተ መንግሥቱ ቅርብ ነው። እሱን አታንሳ በሉኝ፣ ምልክት ስቀሉበት፣ አላነሳም። ግን በየካቲት 23 ሕዝብ ሞልቶ ስልኩን ሽቅብ ዘርግቶ የሚያነሳው ሐውልት፣ በማግሥቱ ለእኔ ብቻ ምሥጢር ይሆናል? ምረቃ ሲደርስ ስድስት ኪሎ ላይ ጋውን ለባሹ ሁሉ ይነሳል። ማንም ምንም አይለውም። ጥሩ ነው፣ አይበለው። ችግሩ የካሜራው መጠን ነው። በስልክ ሲያነሱ ጎብኚ ነዎት። በካሜራ ሲያነሱ ተጠርጣሪ ነዎት። የዛሬ ስልክ ደግሞ ሦስት ዓይን አለው፤ የኔ ካሜራ አንድ ዓይና ነው።

«ነገ ተመለስ» የሚለውም ነገር ለፎቶ አይሠራም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፤ ይቺ የሙያው ጉዳይ ናት። ማዘጋጃ ቤቱ ፊቱ ወደ ደቡብ ነው፣ ወደ ቸርችል ቁልቁል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ ግንባሩ ይበራል፤ የሰዓት ማማው ጥርት ብሎ ይወጣል። ግንቦት ሲገባ ግን ፀሐይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ያኔ ሕንፃው ፊቱን ያጠላል። ክረምቱ ደግሞ በደመና ይሸፍነዋል። ስለዚህ የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ ቅዳሜ ከተከለከልኩ፣ «ነገ» ማለት የሚመጣው ጥቅምት ነው። ምኒልክም እንዲሁ ናቸው። ነሐሱ ጥቁር፣ ሰማዩ ነጭ ነው። ትንሽ ካረፈዱ ወይ ንጉሡ ይጠቁራሉ፣ ወይ ሰማዩ ይቃጠላል። ሁለቱ የሚታረቁት በማለዳ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው። ያቺን ሰዓት ጥበቃውን በመለማመጥ አሳልፌ የተመለስኩባቸው ቀናት ቢቆጠሩ ከዓመት ፈቃዴ ይበልጣሉ።

የምለምነው ብዙ አይደለም። አንድ ወረቀት ነው። በየሐውልቱ አጠገብ የሚለጠፍ፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት፤ ማኅተም የሌለው ወረቀት እኛ አገር ወረቀት አይደለም። «እዚህ ፎቶ ማንሳት ይቻላል፤ ይህን ይህን ብቻ አታንሱ» ይበል። ጥበቃውም ያንብበው፣ እኔም ላንብበው። ጋሼ ጥፋት የለባቸውም። ያልታዘዙትን ቢፈቅዱ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ ቢከለክሉ ግን ማንም አይጠይቃቸውም። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን የምከለክል ይመስለኛል።

ደምስስ ማለቱ ግን ይቅር። ያለአግባብ ተነስቷል የሚባል ፎቶ ካለ በሕግ ይጠየቅ፣ ይመዝገብ። መንገድ ላይ በጩኸት የተደመሰሰ ፎቶ ማንንም አይጠብቅም።

ይህን ሁሉ ስል ሕግም አለኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 91 የአገሪቱን የታሪክ ቅርሶች መጠበቅ የመንግሥት ብቻ ሳይሆን የዜጋ ሁሉ ግዴታ መሆኑን ይናገራል። ሐውልት ልጠግን አልችልም። አጥር ላጥር አልችልም። የምችለው ማንሳት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀጥሎ የሚፈርስ አሮጌ ቤት ካለ፣ ዶዘሩ ከመምጣቱ ከሳምንት በፊት ይንገሩን። ክፍያ አንጠይቅም። ቅዳሜ ጠዋት አሥር ሰው ካሜራ ይዞ ይመጣል። በሩን፣ ደረጃውን፣ የበረንዳውን ቅርጽ፣ ከሐውልቱ እስከ ቤቱ ያለውን መንገድ ሁሉ አንስተን ቅጂውን እርስዎ ለሚመርጡት ቤተ መዛግብት እንሰጣለን። የአርመኑ ቦያጂያን ቤተሰብ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ነገሥታቱን አንስቷል። ነገሥታቱ ፎቶ አላቸው። ፎቶ የሌለው ዶሮ ማነቂያ ነው።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ የሚመለከተው አካል ያልሆናችሁ ሰዎች፣ አልበማችሁን ግለጡ። ከአቡነ ጴጥሮስ ሥር፣ ከትግላችን ሐውልት ሥር፣ ከለገሀሩ አንበሳ ፊት የተነሳችሁት አለ። እናንተን ተዉና ጀርባችሁን እዩት። የእህታችንን በረንዳ ካገኛችሁ ንገሩኝ። ከዶሮ ማነቂያ ወደ ላይ ስትወጡ በግራ በኩል ነበር፤ አረንጓዴ ቀለሙ የተላጠ።

ክቡር ሆይ፣ የሚመጣው ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ምኒልክ አደባባይ እገኛለሁ። ሰማያዊ ጃኬት እለብሳለሁ። ስብሰባው ካለቀ ብቅ ይበሉ። ሁለታችንም ከአባ ዳኘው ሥር እንነሳለን፤ ጀርባው እንዲገባ አድርጌ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአደባባዩ ጥበቃ፣ ለጋሼ